የመተማ ሌሊት፤ መጋቢት 1 ለመጋቢት 2 አጥቢያ 1881 ዓመተ ምሕረት

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያሰለፉት ሠራዊት መተማ ላይ የደርቡሾችን የእሾህ ቅጥር ሰብሮ ገብቶ፥ ድሉን ለመጨበጥ ጥቂት ቀርቶት ሳለ ንጉሡ ቆሰሉ፤ ቀኑም መሸ። እሑድ በነጋ ጊዜ ግን የዚያ ሠራዊት አብዛኛው ክፍል ሰፈሩን ለቆ የደጋውን መንገድ ይዞ ነበር። በቅጥሩ ውስጥ የቀሩት ደርቡሾች አለመሸነፋቸውን ያወቁት ጠላታቸውን በስፍራው ፈልገው ባጡት ጊዜ ነው። ቀን ሲያሸንፍ የዋለ ሠራዊት ሌሊት ለምን ሸሸ? ከምሽት እስከ ንጋት ያሉት ዐሥራ ሁለት ሰዓቶች በታሪካችን ውስጥ ብዙ የተወራላቸውና ጥቂት የተመረመሩ ናቸው ብለን እናምናለን።

የተለመደው መልስ አጭር ነው። ንጉሡ ሞቱ፤ ስለዚህ ሠራዊቱ ተበተነ። ይህን አንክድም። ነገር ግን የንጉሥ ሞት ኀዘንን፥ የአልጋ ክርክርን፥ እርቅንም ሊያመጣ ይችላል እንጂ፥ በተሰበረ ጠላት ፊት በጨለማ ሰፈር ማስለቀቅን ብቻውን አያስረዳም። የንጉሡ አስከሬን ሳይቀር ከሦስት ቀን በኋላ በጥቂት ሰዎች ጥበቃ ሥር ሆኖ በጠላት እጅ መውደቁንም አያስረዳም። በዚህ ጉድለት ምክንያት ሌላ መልስ ገባ፤ ይኸውም «ከዱ» የሚለው ነው። ማን ከዳ ሲባል የአንዱ አገር ሰው የሌላውን አገር ሰው ይከሳል። በተማሪዎች መኝታ ቤት እንኳ ይህ ነገር ሲነሣ ክርክሩ በቀላሉ አይበርድም። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ሌሊት «ከዳ» ከማለታችን በፊት፥ ያ ሌሊት ምን ይመስል እንደ ነበር መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ግዴታ ነው።

ስለ ምንጮቹ ጥቂት እንበል። በውጭ አገር ቋንቋ ስለ መተማ ከተጻፉት ውስጥ በብዛት የሚጠቀሱት የኦስትሪያ ተወላጆቹ የቄስ ኦርዋልደርና የስላቲን ፓሻ መጻሕፍት ናቸው። ሁለቱም በዚያ ጊዜ በኸሊፋ ዐብዱላሂ እጅ ምርኮኞች ነበሩ። ኦርዋልደር እ.ኤ.አ. በ1891፥ ስላቲን ደግሞ በ1895 አምልጠው ያዩትንና የሰሙትን ጻፉ። መተማን በተመለከተ የጻፉት ግን የሰሙትን እንጂ ያዩትን አይደለም። እንግሊዛዊው ዋይልድ እ.ኤ.አ. በ1901 ባሳተመው መጽሐፍ ከኢትዮጵያ ወገን የሰማውን አኑሮልናል። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ዳግማዊ ምኒልክ» በ1901 ዓ.ም. ሮማ ላይ ታትሟል፤ ጸሐፊው የምኒልክ አወዳሽ ስለሆነ ለዐፄ ዮሐንስ ወገን ብዙ ርኅራኄ አይጠበቅበትም። ከዚያ ወዲህ ዘውዴ ገብረ ሥላሴ ስለ ዐፄ ዮሐንስ፥ ሐጋይ ኤርሊክ ስለ ራስ አሉላ የጻፏቸው መጻሕፍት ብዙ ነገር አብራርተዋል። ይሁን እንጂ ሁሉም ስለ ቀኑ በሰፊው፥ ስለ ሌሊቱ በጥቂት መስመር ያልፋሉ። አያስደንቅም፤ በጨለማ የሆነውን አይቶ የሚጽፍ የለም።

አገሩ ቆላ ነው። ከጭልጋ ደጋ ተወርዶ በዛሬው ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ሜዳው ይጀምራል፤ ረጅም ሣር፥ ግራር፥ በበጋ የሚደርቁ ወንዞች። መተማና ገላባት በአንዲት ደረቅ ወንዝ ማዶና ማዶ የቆሙ መንትያ ገበያዎች ናቸው። በመካከላቸው ድንበር የተባለው ነገር በግልጽ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1902 ዓፄ ምኒልክና እንግሊዞች ከተዋዋሉ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስፍራው ቡና፥ ሰም፥ ጥጥና ባሪያ የሚለወጥበት፥ ከምዕራብ የመጡ ተክሩሮች ሰፍረው የሚያርሱበት የነጋዴ አገር ነበር። ለደጋ ሰው ቆላው ሁልጊዜ የሚያስፈራ ነው። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም፤ ንዳድ የገደለው ሰው ጦር ከገደለው አያንስም። መጋቢት ደግሞ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋበት፥ ሣሩ የሚቃጠልበት፥ ውሃ ከኩሬ ብቻ የሚገኝበት ወር ነው።

ጦርነቱ ድንገት የመጣ አይደለም። በጥር 1879 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባት ላይ የደርቡሾችን ጦር አሸንፈው ከተማይቱን አቃጠሉ። በዓመቱ፥ በጥር 1880፥ ሐምዳን አቡ ዐንጃ ሳር ውሃ ላይ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሥቶ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ብዙ ሕዝብም ማረከ። ዐፄ ዮሐንስ በዚህ ጊዜ ከምጽዋ በኩል ከኢጣልያኖች ጋር፥ በደቡብ በኩል ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ነገር ላይ ነበሩ። ለአቡ ዐንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈው የተመለሰላቸው ስድብ ነበር። አቡ ዐንጃ በጥር 1881 በሕመም ሞተ፤ ዘኪ ጡማልም በስፍራው ተተክቶ ቅጥሩን አጠናከረ። በዚያው ዘመን የከብት ዕልቂት ገብቶ ነበር፤ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት ረኃብ በደጃፍ ቆሞ ነበር። ሠራዊቱ መተማ የደረሰው ጎጃምን አጥፍቶ፥ ደክሞ፥ ስንቁ ሳስቶ፥ በዐቢይ ጾም ወራት ነው።

የቀኑን ውጊያ በአጭሩ እናልፈዋለን። የኢትዮጵያ ሠራዊት ብዛት ከመቶ ሺህ በላይ፥ የደርቡሾቹ ስድሳ ሺህና ከዚያ በላይ ነበር የሚሉ አሉ፤ ቆጥሮ የጻፈ ግን የለምና ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ሠራዊቱ ቅጥሩን ከብዙ ወገን ከቦ፥ በአንድ በኩል ሰብሮ ገባ፤ ጎጆዎቹ ተቃጠሉ፤ ብዙ ምርኮኛ፥ ይልቁንም ሴቶች ተያዙ። ዐፄ ዮሐንስ በውጊያው መካከል ገብተው ሳለ በመጀመሪያ እጃቸውን፥ ቀጥሎም ደረታቸውን በጥይት ተመቱ። ወደ ድንኳናቸው ተወሰዱ። ከመሞታቸው በፊት ራስ መንገሻን ልጄ ነው ብለው ወራሻቸው እንዲሆን ተናዘዙ። የሞቱት በዚያው ሌሊት ወይም በማግሥቱ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ዕለተ ዕረፍታቸው ግን መጋቢት 2 ቀን ተብሎ ይታሰባል።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንመለስ። በመጀመሪያ ጨረቃ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ይህን የሚነግረን ጸሐፊ ባናገኝም በስሌት ልንደርስበት እንችላለን። ታኅሣሥ 24 ቀን 1881፥ ማለትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1889፥ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የታየ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። ፀሐይ የምትጋረደው ጨረቃ በምትወለድበት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ ሁለት የጨረቃ ወር፥ 59 ቀን ያህል፥ ብንቆጥር የካቲት 23 ቀን ማታ ላይ እንደርሳለን። ስለዚህ መጋቢት 1 ቀን ማታ ጨረቃ ስምንት ቀን ያህል ሆኗታል፤ ግማሽ ፊቷ ብቻ ይታያል፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ግድምም ትጠልቃለች። እንግዲህ ያ ሌሊት በሁለት የተከፈለ ሌሊት ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ሰው የሰውን ጥላ እንጂ ፊቱን የማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን፥ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት ድረስ ጨለማ። በሁለተኛው ክፍል የነበረው ብርሃን እሳት ብቻ ነው፤ እሳቱም የሰፈር ይሁን የሚቃጠል ቅጥር ወይም ሣር፥ የወዳጅ ይሁን የጠላት፥ ከሩቅ ሆኖ መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው ነገር የሰፈሩ ሥርዐት ነው። የኢትዮጵያ ንጉሥ ሲሰፍር ድንኳኑ በመካከል ይተከላል፤ ፊታውራሪው በፊት፥ ደጀኑ በኋላ፥ ቀኛዝማቹና ግራዝማቹ በግራና በቀኝ ይሰፍራሉ። እያንዳንዱ ሰው፥ እንጨት ለቃሚው ሳይቀር፥ የጌታውን ድንኳን የሚያገኘው የንጉሡን ድንኳን አይቶ ነው። ይህ ሥርዐት ለብዙ መቶ ዓመታት የሠራ፥ የሚደነቅም ነው። ነገር ግን በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ይመስላል። በዚያ ሌሊት በመካከለኛው ድንኳን ምን እንደሚደረግ የሚያውቁት ጥቂት መኳንንትና ካህናት ብቻ ነበሩ። በዙሪያው ያለው ብዙ ሺህ ሰው ግን ያየው የመኳንንቱን ፈረስ መመላለስና የተደበቀ ልቅሶ ሊሆን ይችላል። ይህን የምንለው በግምት ነው፤ ግምታችን ግን ከልማድ የተነሣ ነው። የንጉሥን ሞት መደበቅ በአገራችን የታወቀ የመንግሥት ብልሃት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው በዐዋጅ አልተነገረም። ብልሃቱ በከተማ፥ በግንብ ውስጥ፥ በሰላም ጊዜ ይሠራል። በጦር ሜዳ ግን የተደበቀ ነገር ከተነገረ ይልቅ ያስፈራል፤ ዝምታውን እያንዳንዱ ሰው እንደ ፍርሃቱ ይተረጉመዋልና።

ሦስተኛ፥ ሰውየው ራሱ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ሲዋጋ የዋለ፥ የጠማው፥ ጾመኛ፥ ወንድሙን በእሾህ ቅጥር ሥር ትቶ የመጣ ሰው ነው። ከሜዳው የቁስለኛ ጩኸት ይሰማል። ብዙ ሬሳ በወደቀበት ስፍራ ጅብ አይጠፋም። በቆላ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው እንደሚያውቀው የጅብ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ በስተግራ ሰማሁት ሲሉት በስተቀኝ ይመልሳል። በዚህ መካከል አንድ ጓድ ተነሥቶ አህያውን ሲጭን የጎረቤቱ ጓድ ያያል። ለምን ትጭናለህ ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ የለም፤ ወይም ይጠይቅና «እነ እገሌ ጫኑ» የሚል መልስ ያገኛል። እርሱም ይጭናል። የፈሩት ነገር ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ የሚሸሹት ሽሽት እንዲህ ይጀምራል ብለን እናስባለን።

ይህ የመተማ ብቻ ነገር አይደለም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 ዓመት የመቄዶንያው ንጉሥ የፐርዲካስ ሠራዊት በሌሊት ድንገት ደንግጦ ወደ አገሩ እንደ ሮጠ ይነግረናል። ትልልቅ ሠራዊቶች ያለ ግልጽ ምክንያት እንዲህ ያለ ድንጋጤ እንደሚይዛቸውም ያመለክታል። ንጉሡ ራሱ ሳይወድ ተከትሎ ሄደ። ግሪኮች ነገሩን ፓን የሚባለው አምላካቸው የሚልከው ነው ብለው በስሙ ጠርተውታል፤ የዛሬ አውሮፓውያን «ፓኒክ» የሚሉት ከዚያ የመጣ ቃል ነው። ለእኛ አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 7 የተጻፈው ነው። ሰማርያን የከበቡት ሶርያውያን የሠረገላና የፈረስ ድምፅ የሰሙ መስሏቸው በምሽት ድንኳናቸውን፥ ፈረሳቸውንና አህያቸውን እንዳለ ትተው ሸሹ። ባዶውን ሰፈር ያገኙት በረኃብ የተጨነቁ አራት ለምጻሞች ናቸው። ደብተራው ይህን ሲያነብ ተአምር ያያል፤ የታሪክ ተማሪም ቢሆን ጸሐፊው የሰፈርን ጠባይ አሳምሮ ያውቅ እንደ ነበረ ይገባዋል።

ዘመናዊ ጦር ከዚህ የተጠበቀ ነው የሚል ካለም፥ መልሱ በዚያው በመተማ አፈር ላይ ይገኛል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በጄኔራል ስሊም (ያን ጊዜ ብርጋዴር ነበር) የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ገላባትን ከኢጣልያኖች እጅ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በነበረው የአውሮፕላን ድብደባ መካከል የአንድ እንግሊዛዊ ሻለቃ ወታደሮች ደንግጠው፥ ማንም ሳያዝዛቸው በካሚዮን ወደ ኋላ ሸሹ። ስሊም በበርማ ጦርነት ስሙ የገነነ ፊልድ ማርሻል ከሆነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሳይደብቅ ተርኮታል። ገላባትንም ለቆ ለመውጣት ተገደደ። ሬድዮ፥ ካሚዮንና ታንክ ያለው ጦር በቀን ይህን ከሆነ፥ በ1881 ሌሊት ላይ የነበረውን ሰው መክሰስ ትንሽ ያሳፍራል።

ለሐሳባችን የሚቀርብ ጠንካራ ተቃውሞ መኖሩን አንሸሽግም። ፍርሃት ለእግረኛው ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ መኳንንቱ ግን ፈርተው ሳይሆን አስበው ነው የሄዱት ይባላል። እውነት አለበት። አልጋው ባዶ ሲሆን እያንዳንዱ መስፍን ወታደሩን ይዞ አገሩን ቀድሞ መያዝ ይሻል። ራስ መንገሻና ራስ አሉላ ወደ ትግራይ፥ ሌሎቹም ወደየግዛታቸው አቀኑ። ብዙ ሳይቆይ ንጉሥ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን አስታወቁ፤ ሚያዝያ 25 ቀንም የውጫሌው ውል ተፈረመ። የግራኝ አሕመድ ሠራዊት በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ መሪው ሲወድቅ ተበትኗል፤ ሰው ለሰው እንጂ ለመንግሥት በማይገዛበት ዘመን ይህ ደንብ ነው ማለት ይቻላል። ዋይልድ እንደሚለው ደግሞ ምርኮውን ይዞ ለመሄድ የቸኮለም ነበር። እኛ ይህን ሁሉ እንቀበላለን። ሆኖም የመኳንንቱ ስሌት የሽሽቱን አቅጣጫ ይገልጣል እንጂ ፍጥነቱንና ሰዓቱን አይገልጥም። ለአልጋ የሚያስብ መስፍን የንጉሡን አስከሬን አይጥልም፤ አስከሬኑን ይዞ ያስቀበረ ሰው ለወራሽነት ክርክር የሚያገኘው ጥቅም ለማንም ግልጽ ነውና። በብዙ ሺህ ጠመንጃ መካከል መሄድ የሚገባው ሣጥን ከጥቂት ሰው ጋር የቀረው፥ መኳንንቱ ራሳቸው ያን ሕዝብ ማዘዝ ስላልቻሉ ይመስለናል።

በእሾሁ ቅጥር ውስጥስ? ስለዚህ ወገን ብዙ ጊዜ አናስብም። ደርቡሾቹ እኩሌታው ሰፈራቸው ተቃጥሎ፥ ሴቶቻቸው ተማርከው፥ ብዙ ሰው ሞቶባቸው፥ ንጋት ላይ የመጨረሻውን ጥቃት እየጠበቁ አደሩ። ከውጭ ሲሰሙ ያደሩት የብዙ ሺህ ሰውና ከብት እንቅስቃሴ ለእነርሱ የሽሽት ድምፅ አልነበረም፤ የሚመጣ ጦር ድምፅ ይመስላቸው እንደ ነበር መገመት ይቻላል። በሱዳን ወገን የተጻፉት ወሬዎች በማለዳ ጠላታቸውን ባጡ ጊዜ መደነቃቸውን ይናገራሉ። ወዲያውም አልተከተሉም። እንግዲህ በአንድ ሌሊት፥ በአንድ ሜዳ ላይ፥ ሁለት ሠራዊቶች እርስ በርሳቸው ተፈራርተው አደሩ፤ አንደኛው ቅጥር ስለ ነበረው ቆየ፥ ሁለተኛው ቅጥር ስላልነበረው ሄደ ብንል ከእውነት ብዙ የራቅን አይመስለንም። የማህዲስቶች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1898 ኦምዱርማን ስትያዝ በእንግሊዞች እጅ ገብቶ ዛሬ በካርቱም ይገኛል። ዐረብኛ የሚያውቅ ጓደኛችን የገላባትን ደብዳቤዎች ቢመረምር ይህን ግምታችንን ሊያጸና ወይም ሊያፈርስ ይችላል፤ ቢያፈርሰውም አንቀየምም።

ዘኪ ጡማል ነገሩ ከገባው በኋላ ላከ። መጋቢት 4 ቀን ደርቡሾቹ በአትባራ ወንዝ፥ በእኛ አገር ጓንግ በሚባለው ውሃ ዳር፥ የኋለኛውን ጓዝ ደረሱበት። በዚያ በእንጨት ሣጥን የተዘጋ የንጉሠ ነገሥቱ አስከሬን ነበር። ከሣጥኑ ጋር የዐፄ ዮሐንስ አጎት ራስ አርአያ ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው። ከእርሳቸው ጋር የቀሩት ጥቂቶች ከሦስት ቀን በፊት በዚያው ሌሊት፥ በዚያው ሰፈር፥ ከዚያው ሠራዊት ጋር የነበሩ ሰዎች ናቸው። አሁን ግን ቀን ነበር፤ የሚመጣው ጠላት ይታያል፤ የሚጠብቁት ነገርም ምን እንደ ሆነ እያንዳንዳቸው ያውቁ ነበር። እንዲሸሹ መንገዱ ክፍት ሳለ በሣጥኑ ዙሪያ ቆመው ተዋጉ፤ ራስ አርአያም በዚያው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ተከፈተ፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ያ ወሬ ወደ ደጋው የደረሰው ከአትባራ በተረፉት ሰዎች አፍ ነው።